«አስማተኛዬ በአንድ ዱላ ወደቀብኝ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ደሴ ሐምሌ ከገባ መውጣት የለም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳ ድረስ ይመጣል፣ ዝናቡ ይከተለዋል። ቤት ተቀምጣችሁ ዳይስ መወርወር የጀመራችሁት ለዚህ ይመስለኛል፤ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ሁሉ ስለ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ናቸው። ለማታውቁት፦ አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ዲኤም ይባላል። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ። ምቱ ማረፍ አለማረፉን ዳይሱ ይናገራል። ሒት ፖይንት የሚባለውን፣ ስትመታ የሚቀንሰውን ቁጥር፣ እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች ከፕሌይስቴሽን ቤት ባመጡት ቃል «ነፍስ» ይሉታል፤ እኔም እንደነሱ ልበል። ቁጥሮቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው 5ኛ እትም ናቸው።

«አስማተኛ ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያው ውጊያ ላይ ኦገር የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ አንዴ በዱላ መታኝና አለቀልኝ። የጓደኛዬ ባርባሪያን ግን ተመትቶም ይስቅ ነበር። ይሄ ፍትሕ ነው?» (ከቧንቧ ውሃ)

ፍትሕስ አይደለም። ግን ሁሉንም በአስማተኛው አታሳብ።

እያንዳንዱ ክላስ፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ሙያ፣ የራሱ የነፍስ ዳይስ አለው። የአስማተኛ ባለ 6 ፊት ነው። የሮግና የክለሪክ ባለ 8፣ የፋይተርና የፓላዲን ባለ 10። ባለ 12 የባርባሪያን ብቻ ነው። አንደኛ ሌቨል ላይ የዳይሱን ትልቁን ቁጥር ትወስድና የኮንስቲትዩሽን (የሰውነት ጥንካሬ ነጥብ) ጭማሪህን ትደምርበታለህ። ሁለታችሁም ኮንስቲትዩሽን 14 ካላችሁ ጭማሪው 2 ነው። አንተ 8 ነፍስ፣ እሱ 14። የኦገር ዱላ በአማካይ 13 ይቀንሳል። አየህ፣ ጓደኛህን ያቆመችው አንዲት ነጥብ ናት። ተቆጥቶ ከነበረ ግን ግማሹን ብቻ ነው የቀመሰው፤ ቁጣውን ከታች እመጣበታለሁ።

ደግሞ አንደኛ ሌቨል ላይ ኦገር የሚያመጣ ዲኤም ምን አስቦ ነው? ቡና ጋብዘውና ቀስ ብለህ ንገረው።

ለሚቀጥለው አስማተኛህ፦ ከኢንተለጀንስ (ከአእምሮ ነጥብህ) ቀጥሎ ጥሩውን ቁጥርህን ለኮንስቲትዩሽን ስጥ። 14 ካለህ ይበቃል፤ የ15 ጭማሪም ያው 2 ነው። ሜጅ አርመር የምትባለዋን አስማት ያዝ፣ 8 ሰዓት ሙሉ እንደ ልብስ ለብሰሃት ትውላለህ። ሺልድ የምትባለዋ ደግሞ ዱላው ሊያርፍብህ ሲል መከላከያህን፣ ማለትም ጠላት ሊነካህ መድረስ ያለበትን ቁጥር፣ በ5 ታነሳዋለች። ከሁሉ በፊት ግን ከኋላ ቁም። ፊት የሚቆም ሰው አላችሁ፣ ይስቅ ከተባለ እዚያ ቆሞ ይሳቅ።

እኔ ቤት ነፍስ የምንቆጥረው በሽምብራ ቆሎ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ በጨዋታው ተመስጦ ሦስቱን ቆረጠማቸው። ጠላት ሳይነካው 3 ነፍስ አጣ። ዲኤሙ እኔ ነበርኩ፤ አልመለስኩለትም።

«እኔ ፋይተር ነኝ፣ ጥሩርና ጋሻ አለኝ። የእህቴ ባል ባርባሪያን ነው፣ ያለ ጥሩር ራቁቱን ይዋጋል። ግን ካንተ እኔ እጠነክራለሁ ይለኛል። ፍረድልን። ሁለታችንም 5ኛ ሌቨል ነን።» (ከኮምቦልቻ)

በሽምብራ እንቁጠረው። የሁለታችሁም ኮንስቲትዩሽን 14 ይሁን፣ ነፍሱን ሳትወረውሩ መጽሐፉ የሚሰጠውን ውሰዱ። አንተ 44፣ እሱ 50። እስካሁን ብዙም አይበልጥህም።

አሁን ያንኑ ኦገር እናምጣ። የሰንሰለት ጥሩርህ ከነጋሻው መከላከያህን 18 ያደርሰዋል። ኦገሩ ባለ 20 ዳይስ ጥሎ 6 ይደምራል፣ ስለዚህ 12 ወይም ከዚያ በላይ ካልወጣለት አይነካህም። 20 ጊዜ ቢሰነዝር 9ኙ ያርፍብሃል ማለት ነው። የአማችህ መከላከያ ራቁቱን 14 ቢሆን 13ቱ ያርፍበታል። እስካሁን አንተ ትሻላለህ።

ቁጣው ነው ነገሩን የሚገለብጠው። ባርባሪያን ሲቆጣ የዱላ፣ የስለትና የጦር ጉዳት በግማሽ ይቀንስለታል። 13 የነበረው 6 ይሆናል። ክሪቲካሉን፣ 20 ሲወጣ የሚብሰውን ምት፣ እንተወውና አንተ በ9 ምት 117 ትቀምሳለህ፣ እሱ በ13 ምት 78። ከአንተ በላይ ይመታል፣ ከአንተ በታች ይጎዳል።

ግን ቁጣ ያልቃል። 5ኛ ሌቨል ላይ ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ 3 ጊዜ ነው፣ አንዱ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ይቆያል። አራተኛው ውጊያ ላይ ያው 13 ምት 169 ያስከፍለዋል። እሳት ከመጣም ብዙዎቹ ባርባሪያኖች ቁጣቸው አይረዳቸውም። አንተ ደግሞ ትንሽ አርፈህ በተነሳህ ቁጥር ሰከንድ ዊንድ አለህ፣ ውጊያው መሀል ባለ 10 ዳይስ ጥለህ ሌቨልህን ደምረህ ነፍስ ትሞላለህ።

እስከ ሦስተኛው ውጊያ አማችህ ልክ ነው። አራተኛው ላይ ጋሻህ ኋላ ሲደበቅ ታገኘዋለህ፣ ያኔ ንገረው። ለነገሩ ራቁት መዋጋት ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ቀላል ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይምጣና እንየው።

«ሌቨል ስጨምር ዳይስ ልጣል ወይስ የተጻፈውን ልውሰድ?» (ከሰኞ ገበያ)

የተጻፈውን። ባለ 6 ዳይስ በአማካይ 3.5 ያወጣል፣ መጽሐፉ 4 ይሰጥሃል። ባለ 12 በአማካይ 6.5፣ መጽሐፉ 7። ግማሽ ነጥብ በነፃ። ገበያ ውስጥ እያለህ ይህን ትጠይቀኛለህ?

«አጎቴ የሰጠኝ የድሮ መጽሐፍ ላይ አስማተኛ ባለ 4 ዳይስ ነው። የሕትመት ስህተት ነው?» (ያው ከሰኞ ገበያ)

ስህተት አይደለም፣ ዘመኑ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታውን ሲያወጡ የሁሉም ክላስ የነፍስ ዳይስ ባለ 6 ነበር፤ የሚለያዩት በዳይሱ ብዛት ነው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ በወጣው አድቫንስድ እትም ፋይተር ባለ 10፣ ሌባው ባለ 6፣ አስማተኛው ባለ 4 ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 3ኛ እትምም ባለ 4ቱን አልነካውም። የያኔ አስማተኛ 1 ነፍስ ይዞ ጉዞ ሊጀምር ይችላል። ድመት ብትቧጭረው አለቀለት። ሒሳቡ ግልጽ ነበር፦ ጀማሪ ሆነህ ተንቀጥቀጥ፣ ከኖርክ ኋላ ሌላው ይንቀጠቀጥልሃል። እኔ ግን የዛሬው ይሻለኛል፤ ልጅ ገጸ ባሕርዩን ሁለት ሰዓት ሠርቶ በአምስት ደቂቃ ሲቀብረው አይቻለሁ።

«ልጄ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ 'ሁለቴ ከሽፎብኛል፣ አንዴ ከደገመኝ ሞቻለሁ' ሲል ሰማሁት። ደንግጬ እንቅልፍ የለኝም።» (እናት፣ ከፒያሳ)

እትዬ፣ አይደንግጡ። ልጅዎ ደህና ነው፣ የወደቀው ገጸ ባሕርዩ ነው። ነፍሱ ዜሮ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም። ተራው በደረሰ ቁጥር ባለ 20 ዳይስ ይጥላል። 10 እና ከዚያ በላይ ለመዳን ይቆጠርለታል፣ ከዚያ በታች ለመሞት። ሦስት መዳን ቀድሞ ከሞላ ይረጋጋል፣ ሦስት ሞት ከሞላ ያከትማል። 20 ከወጣለት 1 ነፍስ ይዞ ብድግ ይላል። 1 ከወጣበት እንደ ሁለት ሞት ነው። እዚህ ቦታ ላይ ባርባሪያንም ሆነ አስማተኛ ዳይሱ አንድ ነው። ሻይ ይዘው ብቅ ቢሉ ደስ ይላቸዋል፣ ያኔ ውጤቱንም ይነግሩዎታል።

«20ኛ ሌቨል የደረሰ ገጸ ባሕርይ ከጦሳ ጫፍ ቢወድቅ ይተርፋል? ተወራርደናል።» (ተማሪዎች፣ ከጢጣ)

ከምር ይተርፋል። ሕጉ በየ10 ጫማው፣ ማለትም በየ3 ሜትሩ ገደማ፣ አንድ ባለ 6 ዳይስ ጣል ይላል። ጣሪያው ግን 20 ዳይስ ነው። ከ60 ሜትር በኋላ ጦሳም ሆነ ሌላ ተራራ ልዩነት የለውም። ሁሉም ዳይስ 6 ቢወጣ 120 ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ኮንስቲትዩሽኑ 20 የሆነ ባርባሪያን በዚያ ሌቨል 245 ነፍስ አለው። እየወደቀ ከተቆጣ ደግሞ መሬቱም እንደ ዱላ ስለሚቆጠር ግማሹን ብቻ ይቀምሳል። ተነስቶ ልብሱን ያራግፋል።

የሚገርመው አስማተኛው ነው። ኮንስቲትዩሽኑ 14 ብቻ ቢሆን፣ በየሌቨሉ የተጻፈውን ሲወስድ ከኖረ 122 ነፍስ አለው። ከጦሳ ወድቆ፣ የመጨረሻው መጥፎ ዳይስ ወጥቶበት፣ በሁለት ሽምብራ ይተርፋል። ስለዚህ ቡናውን የሚከፍለው «ይሞታል» ያላችሁት ነው። ዳይስ እየጣለ ያደገ አስማተኛ ከሆነ ግን ከመግፋታችሁ በፊት ሽምብራውን ቁጠሩለት።