ስለ ጣሪያ ግምት እና ገለልተኛ ዳኛ ለጠየቅኸው

«በረዶ ጣሪያዬን መታው፤ ኢንሹራንሱ የገመተልኝ ገንዘብ ለግማሹ እንኳ አይበቃም፤ ገለልተኛ ዳኛ ልጠይቅ ወይስ ጠበቃ ልያዝ?» ላልኸው ወንድሜ፦ እኔም እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነኝ፤ በረዶውንም የኩባንያዎቹንም ጠባይ አውቀዋለሁ።

1. ጠባችሁ በገንዘቡ መጠን ብቻ ከሆነ በፖሊሲህ (በኢንሹራንስ ውልህ) መሠረት ግምት፣ ማለትም የጉዳቱን ዋጋ ገማቾች የሚወስኑበት አሠራር፣ እንዲካሄድ በጽሑፍ ጠይቅ። «ይህ ጉዳት በፖሊሲው አይሸፈንም» ካሉህ ግን ለጠበቃ ስጠው።

2. አንተ አንድ ገማች ትመርጣለህ፣ እነሱም አንድ፤ ሁለቱ ገማቾች ገለልተኛውን ዳኛ (የፍርድ ቤት ዳኛ ሳይሆን፣ እነሱ ሲለያዩ የሚወስን ሦስተኛ ሰው) ይመርጣሉ። ከሦስቱ ሁለቱ የፈረሙበት ይጸናል። ጣሪያህን የሚሠራልህን ሰው ገማች አድርገህ አትላክ። ፖሊሲው «የማያዳላ» ካለ ገማቹ ለአንተ ወግኖ ሊከራከር እንደማይችል የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ወስኗል።

3. ዋናው ነገር የዳኛው ምርጫ ነው። በእኔ ጉዳይ የኩባንያው ገማች ለዳኝነት ሦስት ስም ላከ፤ ሦስቱም ዕድሜያቸውን ለኢንሹራንስ ሲሠሩ የኖሩ! የእኔ ገማች «ከዚህ ኩባንያ ምን ያህል ሥራ እንዳገኙ በጽሑፍ ይግለጹ» ቢል፣ ሰላምታ እንኳ የሌለው አንድ መስመር መጣ፦ «ይህ የተለመደ አሠራር አይደለም።» ኩባንያው ጋ ስልክ ብደውል ሠራተኛዋ «ስሞቹ ተልከውልዎታል» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በየዓመቱ ክፍያዬን ስትቀበል እንዲህ አልነበረችም።

እኔም እምቢ አልኩ። ገማቾቹ በ15 ቀን ካልተስማሙ ማንኛውም ወገን ፍርድ ቤት ዳኛ እንዲሾም ሊጠይቅ እንደሚችል ፖሊሲዬ ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹም ላይ አለ። ማመልከቻው ሲገባ የኩባንያው ድምፅ ለሰለሰ፣ እኔ ግን አላቋረጥኩም። የተሾሙት አዛውንት የግንባታ ሰው ናቸው። የኩባንያው መርማሪ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ፎቶ አንሥቶ የሄደበትን ጣሪያ እርሳቸው ወጥተው፣ በጠመኔ 10 በ10 ጫማ አራት ማዕዘን አስምረው፣ በረዶ የመታውን ነጥብ ሁሉ እያከበቡ ቆጠሩ። አሸንዳውን ሳይቀር በእጃቸው ዳሰሱ። የወሰኑት እኔ የጠየቅሁትን ሁሉ አይደለም፤ የኩባንያውን ግን ከእጥፍ በላይ ነው። የእነሱ ገማች አልፈርምም አለ። የእኔ ፈረመ፣ ሁለት ፊርማ ሞላ፣ አለቀ።

የራስህን ገማች አንተ ትከፍላለህ፣ የዳኛውን ክፍያ ከኩባንያው ጋር እኩል ትካፈላለህ። ስለዚህ ልዩነታችሁ ጥቂት ሺህ ዶላር ከሆነ ተወው። ከዚያ በላይ ከሆነ የግምት አንቀጹ ፖሊሲህ ውስጥ መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጥ፤ አንዳንዶቹ ፖሊሲ ሲታደስ ያወጡታል።