ከፒንክ ፍሎይድ አልበሞች የትኛው ይበልጣል?

ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከፒንክ ፍሎይድ አልበሞች «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እና «ዘ ዎል» ቢወዳደሩ የትኛው እንደሚበልጥ ለጠየቁት ጥያቄ የእኔ መልስ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»ን አስቀድማለሁ።

የ1973ቱ «ዳርክ ሳይድ» በቀረጻ ጥራቱም ሆነ በዘፈኖቹ መያያዝ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጊዜና ስለ እብደት የሚናገረው በጥቅሉ ስለ ሰው ልጅ ሲሆን፣ ተከታዩ አልበም «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ግን የሚያዝነው ለአንድ ለሚታወቅ ሰው ነው፤ እርሱም ከባንዱ መሥራቾች አንዱና የመጀመሪያ መሪው የነበረው፣ በአእምሮ መታወክ ምክንያት በ1968 የተለያቸው ሲድ ባሬት ነው። «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» የተባለው ባለ ዘጠኝ ክፍል ሥራ ለሁለት ተከፍሎ የአልበሙ መግቢያና መደምደሚያ ሆኗል። የዘፋኙ ድምፅ እስኪሰማ ከስምንት ደቂቃ በላይ ያልፋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሪቻርድ ራይት ኪቦርድና የዴቪድ ጊልሞር ጊታር፣ በተለይም እነዚያ አራት ኖታዎች፣ ግጥሙ ገና ያልተናገረውን ናፍቆት አስቀድመው ይናገራሉ። ባሬት ራሱ በሥራው ወቅት ሳይጠራ ወደ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቢመጣ፣ መልኩ እጅግ ተለውጦ ስለነበር የቀድሞ ጓደኞቹ መጀመሪያ ላይ አላወቁትም።

«ዘ ዎል» «ኮምፈርተብሊ ነምብ»ን የመሰለ ድንቅ ዘፈን ቢኖረውም፣ በሁለቱ ዲስኮች ውስጥ ታሪኩን ለማገናኘት ብቻ የገቡ አጫጭር ዘፈኖች ስለበዙበት ከሦስቱ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ።