«እንደ» የምትለዋን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺ ተጠንቀቂ

እህቴ፣ መርሳ ከተማ ሆነሽ ለቅጥር ፈተና እየተዘጋጀሽ እንደሆነና የእንግሊዝኛ ንጽጽሮችና ከደንብ የወጡ የኃላፊ ጊዜ ግሦች እንደተምታቱብሽ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። አብሽሪ፤ ማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ የሚነግርሽን ትቼ እኔ የተጎዳሁበትን ላካፍልሽ።

አንደኛ፣ ግሦቹን በፊደል ተራ አትሸምድጃቸው። እኔ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በቃሌ ይዤው ነበር፤ ብዕር ስጨብጥ ግን አንዱም በጊዜው አልደረሰልኝም። በድምፃቸው ለያቸው፦ ባይ ቦት፣ ብሪንግ ብሮት፣ ቲች ቶት፣ ካች ኮት አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሲንግ ሳንግ፣ ድሪንክ ድራንክ፣ ስዊም ስዋም ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ከትና ፑት ጨርሶ አይለወጡም። «መሄድ» የሚለው ጎ ተነሥቶ በኃላፊ ጊዜ ዌንት መሆኑም አይክበድሽ። ዌንት ጥንት ዌንድ የሚባል የሌላ ግሥ ኃላፊ ጊዜ ነበር፤ እኛም «ነው» ያልነውን ወደ ኃላፊ ስንወስደው «ነበር» የሚል ሌላ ቃል እናመጣለን፤ ሕፃን ሳለን ማንም ሳያስጠናን ለምደነዋል።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ሐይቅ አጠገብ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ለስድስት ዓመት ካስተማርሁ በኋላ ደሴ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ጻፍሁ። «እንደ መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ» የሚለውን አሳብ «አይ ዎርክድ ላይክ ኤ ቲቸር» ብዬ መለስሁት፤ ከሥሩም ቶት ማለት ሲገባኝ ቲችድ ብዬ ነበር። ማመልከቻ ተቀባዩ በተሰለፈው ሰው ፊት ጮክ ብሎ አነበበውና «መምህር ሳትሆን መምህር መስለህ ነው የሠራኸው?» ብሎ ወረቀቱን በመስኮቱ ወረወረልኝ። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ነበር። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሼ፣ አስተካክዬ ስመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ቀጣዩ ማስታወቂያ እስኪወጣ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። ሰውዬው ስሕተቴን በማሳየቱ አልቀየምም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማዋረዱ ግን ዛሬም ያመኛል።

አማርኛችን ለሁለቱም «እንደ» ስለሚል ነው የሚያሳስተን። ላይክ ብትዪ ትመስያለሽ እንጂ አይደለሽም፤ «አዝ ኤ ቲቸር» ብትዪ መምህር ነሽ። ግራ የሚያጋባው ግን አዝ ራሱ ለንጽጽር መዋሉ ነው፦ «አዝ ብሬቭ አዝ ኤ ላየን» ሲባል ብሬቭ (ጀግና) የሚለው ቅጽል ከሁለቱ «አዝ» መካከል ስለገባ ጀግንነቱ በአንበሳ ተመሰለ ማለት ነው። ንጽጽሩንም ከአገር ቤት ቀጥታ አትውሰጂው፤ እኛ ዘንድ በክፉ ምልክትነት የምትፈራው ጉጉት በእንግሊዝኛ ንጽጽር የጥበብ ምሳሌ ናት።

ሦስተኛውን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ፈተና ላይ ነው፤ ዲድ ከቀደመ ግሡ ወደ መነሻው ይመለሳል። «ዲድ ዩ ጎ» እንጂ «ዲድ ዩ ዌንት» አይባልም፤ ዲድ የኃላፊውን ጊዜ ተሸክሞታልና። በዚያ ፈተና ይህን የመሰሉ አራት ጥያቄዎች መጥተው አራቱንም መለስሁ፤ ሥራውንም ያገኘሁት በዚያው ዓመት ነው። አሁን ማመልከቻሽን አውጪና «እንደ» ብለሽ ካሰብሽበት ቦታ ሁሉ አጠገብ «ነኝ» ወይም «እመስላለሁ» ብለሽ በእርሳስ ጻፊበት፤ ከዚያ እዚሁ ለጥፊው፣ ከመላክሽ በፊት አነብልሻለሁ።