ቻይንኛና እንግሊዝኛ አንድ ቋንቋ ይሆናሉ? ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አንድ አባል «ቻይንኛና እንግሊዝኛ በንግድ ብዛት ተቀላቅለው አንድ ቋንቋ ቢሆኑስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ዛሬ የቋንቋ መምህራችን ይመልሳሉ።

መምህሩ፦ ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙልኝ፤ ቃል መዋስ ሌላ፣ ቋንቋ መዋሃድ ሌላ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከወረሩ በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛ ቃላትን በሺዎች ወስዷል። እስከ ዛሬ ግን የጀርመንኛ ዘመድ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአዳማው፦ መምህር፣ እኔ በቻይና ኩባንያ መንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከፎርማኑ ጋር በሰባራ እንግሊዝኛ፣ በትንሽ አማርኛና በትንሽ ቻይንኛ ነበር የምንግባባው። ይሄ አዲስ ቋንቋ ይባላል?

መምህሩ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል! ቋንቋ አይባልም፤ አጀማመሩ ግን እንደዚያ ነው። የቻይና መንግሥት በ1757 የምዕራባውያንን የባሕር ንግድ በደቡብ ቻይና ባለው በካንቶን (የዛሬው ጓንግዡ) ወደብ ብቻ ወሰነው። ሻይና ሐር ሊገዙ የመጡት እንግሊዞች ቻይንኛ አይችሉም። የካንቶን ነጋዴዎችም እንግሊዝኛ የሚማሩበት ቤት አልነበራቸውም። መሀል ላይ ፒጂን የሚባለው የገበያ ንግግር አደገ። ቃላቱ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ናቸው፤ አጠራሩና ብዙው አሰካኩ የካንቶንኛ፣ ማለትም የዚያ አካባቢ ቻይንኛ። የእንግሊዝኛውን ቃል በቻይና ፊደል የጻፉ ትንንሽ መማሪያዎችም ይሸጡ ነበር። ከ1842 በኋላ ሻንጋይና ሌሎች ወደቦች ሲከፈቱ እዚያም ደረሰ። ግን አፉን በእሱ የፈታ ሕዝብ አልነበረውም። ደህና እንግሊዝኛ የተማሩ ሲበዙ እየከሰመ ሄደ።

ሐይቅ ዳር፦ ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል?

መምህሩ፦ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ልጅ ቢኒ፦ አማርኛ ራሱ የግዕዝና የአገውኛ ቅልቅል አይደል እንዴ?

የጎንደሯ፦ ኧረ ወንድሜ! አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ቅልቅል ያልከው ከየት አምጥተህ ነው?

ልጅ ቢኒ፦ ታዲያ ግሱ ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል? ግዕዝ እንደዚያ አይደለም።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። አማርኛ ሴማዊ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ እንደ አገውኛ ካሉ የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖር የመጣ ነው ይባላል። ይሄ በራሱ ቀን ይነሳ። አሁን ወደ ቻይንኛ እንመለስ።

ከዱባይ፦ ቻይንኛ ቃልን ከቃል የሚለየው በቃና፣ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። ቃና ከሌለው ቋንቋ ጋር እንዴት ይቀላቀላል?

መምህሩ፦ ቃና ሊጠፋ ይችላል። በቻይና ቺንግሃይ ግዛት ዉቱን የሚባል ቋንቋ አለ። ጥቂት ሺህ ሰዎች ይናገሩታል። ቃላቱ በብዛት ቻይንኛ ናቸው፤ ሰዋስዉ ወደ ቲቤትኛ አጋድሏል፤ ቃናውም ጠፍቷል። ይሄ የሆነው ሰዎቹ ለብዙ ትውልድ በአንድ መንደር ስለኖሩ ነው። ኮንቴይነር ስለተመላለሰ አይደለም።

ሰሚ፦ ስለዚህ ይዋሃዳሉ ወይስ አይዋሃዱም?

መምህሩ፦ የቱ ቻይንኛ? የት አገር? በየትኛው ሰፈር? እንዲህ ተድበስብሶ ከተጠየቀ መልስ የለውም። ሲንጋፖርን እንይ። ከነዋሪው ሦስት አራተኛ ገደማ የቻይና ዘር ነው። የአያቶቹ ቋንቋ በብዛት ሆኪየንኛ፣ ቲዮቹኛና ካንቶንኛ የሚባሉት የደቡብ ቻይና ቋንቋዎች ነበሩ። አገሩ ደግሞ የእንግሊዝ ቅኝ ነበር። ሲንግሊሽ የሚባለው የሲንጋፖር ቅልቅል እንግሊዝኛ እዚያ ተወለደ፤ ማላይኛና ታሚልኛም አሉበት። «በላሁ» ለማለት «እኔ መብላት ቀድሞውኑ» እንደማለት ያሳጥሩታል፤ ይሄ የቻይንኛ አሠራር ነው። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ሎር» ወይም «ሜ» ይጨምራሉ። ልጆች ይቀልዱበታል፣ ይጣሉበታል፣ ይፋቀሩበታል። በእኔ እምነት ለጥያቄያችሁ ከሁሉ የቀረበው መልስ ሲንግሊሽ ነው።

መንግሥት ግን አልወደደውም። በ1979 የማንዳሪን (የመደበኛው ቻይንኛ) ዘመቻ ጀመረ፤ በ2000 ደግሞ የጥሩ እንግሊዝኛ ዘመቻ። ሁለቱ ዘመቻዎች ሁለቱን ቋንቋዎች ለያይተው ያዟቸው። ትምህርት ቤትና ፈተና ባለበት አገር ውህዱ ቤትና መንገድ ላይ ይቀራል። ያሳዝነኛል፤ የሰው እውነተኛ ንግግር እንደ ስህተት ሲታረም ማየት አልወድም።

ሰሚ፦ ከመቶ ዓመት በኋላስ?

መምህሩ፦ ትንቢት አልናገርም። ቤጂንግ ያለ ልጅ እንግሊዝኛን በክፍል ይማራል፤ እቤቱ ሲገባ ቻይንኛ ያወራል። ይሄ እስካልተለወጠ ድረስ ውህደት አልጠብቅም።

ከቨርጂኒያ፦ የእኔ ልጆች «መኪናውን ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ይላሉ። ይሄስ?

መምህሩ፦ ደግሜ ልበል፤ ቃል መዋስ ሌላ፣ መዋሃድ ሌላ። «አድርጌ መጣሁ» ንጹህ አማርኛ ነው፣ እህቴ። አትቆጪያቸው፤ አብዝተሽ አውሪያቸው።