የባቄላ ክሽክሽ ከርጭት በኋላ ለምን በርትቶ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «የባቄላ ማሳዬ ላይ ጥቁር ክሽክሽ ወጥቶ ኬሚካል ረጨሁበት። በሦስተኛው ቀን ሳየው ጠፍቷል። ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ጎረቤቴ ምንም ሳይረጭ የእሱ ማሳ ከእኔ ይሻላል። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው? ወይስ ባቄላውን አጠጋግቼ ስለዘራሁት ይሆን? ደግሜ ልርጭ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደግመው ከመርጨትዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ይቁጠሩ። ማሳው ውስጥ ገብተው ክሽክሹንም፣ ክሽክሹን የሚበሉትንም ይቁጠሩ። መድኃኒቱ የተበላሸ አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን ጠፍቶ ካዩት ሠርቷል ማለት ነው። የተመለሰበት ምክንያት ሌላ ነው።

መጀመሪያ የተክል ጭማቂ የምትመጠውን የዚህችን ጥቃቅን ተባይ፣ የክሽክሽን፣ አረባብ እንይ። ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ሴቷ ለመራባት ወንድ አያስፈልጋትም። እንቁላል ጥላ አትጠብቅም፤ ቀጥታ ልጅ ትወልዳለች። ገና በምትወለደው ልጅ ሆድ ውስጥ እንኳ የቀጣዩ ትውልድ ፅንስ ማደግ ጀምሯል። አየሩ ሞቅ ካለ የዛሬዋ ልጅ በሳምንት፣ ግፋ ቢል በ10 ቀን ውስጥ እናት ትሆናለች።

እስቲ እናስላው። አንድ ተክል ላይ 1000 ክሽክሽ ነበር እንበል። ርጭቱ ከ100 95ቱን ገደለ። ይህ ጥሩ የሚባል ርጭት ነው። በቅጠሉ ጀርባና በለጋው ጫፍ እጥፋት ውስጥ የተሸሸጉ 50 ተረፉ። ቁጥራቸው በየ3 ቀኑ እጥፍ ቢሆን በ3ኛው ቀን 100፣ በ6ኛው 200፣ በ9ኛው 400፣ በ12ኛው 800 ይደርሳሉ። በ13ኛው ቀን 1000 ሞሉ። እርስዎ ያዩት ሁለት ሳምንት ይኸው ነው።

ግን ይህ ስሌት መመለሱን እንጂ መባሱን አያስረዳም። የባሰው ክሽክሹን የሚበሉት፣ እንደ ቀይዋ ጥንዚዛ ያሉት፣ ስለሞቱ ነው። ነጠብጣብ ያለባት ቀይዋ ጥንዚዛ ከእንቁላል ተነስታ ሙሉ ጥንዚዛ ለመሆን 3 ወይም 4 ሳምንት ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ ክሽክሹ ሦስት ትውልድ ሊቆጥር ይችላል። ሁለቱን እኩል የሚገድል ኬሚካል ሲረጩ፣ ክሽክሹ ቶሎ ያገግማል፤ ጥንዚዛዋ ወደኋላ ትቀራለች። ከርጭቱ የተረፈችውም ብትሆን የምትበላው ስታጣ ማሳውን ለቃ ትሄዳለች። እንቁላሏን የምትጥለው ክሽክሽ ባለበት ነውና።

ይህ ነገር መጀመሪያ በሒሳብ የተብራራው በዓሣ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአድሪያቲክ ባሕር ላይ ዓሣ ማስገር ቀንሶ ነበር። ኡምቤርቶ ዳንኮና የተባለ የሥነ ሕይወት ባለሙያ የገበያ መዝገቦችን ሲያገላብጥ፣ በጦርነቱ ዓመታት ከተያዘው ዓሣ ውስጥ እንደ ሻርክ ያሉት አዳኞች ድርሻ ከፍ ብሎ አገኘው። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ እ.ኤ.አ. በ1926 ምክንያቱን በቀመር አሳየ። ታዳኙንም አዳኙንም እኩል እየገደሉ ሲሄዱ በአማካይ የሚጠቀመው ታዳኙ ነው። መግደሉን ሲቀንሱ ደግሞ አዳኙ ያንሰራራል። በእርስዎ ማሳ ላይ መረቡ ኬሚካሉ ነው።

በእርሻም ታይቷል። የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻዎች ነጭ ጥጥ መስሎ ቅርንጫፍ ላይ የሚለጠፍ ጭማቂ መጣጭ ተባይ ሊያጠፋቸው ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ከአውስትራሊያ የመጣች ትንሽ ጥንዚዛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተቆጣጠረችው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ኬሚካል በእነዚያ እርሻዎች ላይ ሲረጭ ጥንዚዛዋ ሞተችና ያ ተረስቶ የነበረ ተባይ እንደገና ፈላ።

ስለዚህ የጎረቤትዎ ማሳ አያስገርመኝም። እሳቸውም ዘንድ ክሽክሹ ወጥቷል። ግን ቁጥሩ ማቆሚያ አግኝቷል። የትኛውም ፍጥረት እጥፍ እየሆነ ለዘላለም አይቀጥልም። ክሽክሹ ሲጨናነቅ ጭማቂው ያጥረዋል፣ ክንፍ ያላቸው ልጆች ይወለዱና ማሳውን ለቀው ይበራሉ። ዝናብ ያጥበዋል፣ እርጥበት ሲበዛ ፈንገስ ይገድለዋል። በላተኛው ደግሞ ይበዛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ተፈጥሮ ራሷ ታቆመዋለች ብሎ ዝም ማለት ሁልጊዜ አያዋጣም። ክሽክሹ የሚቆምበት ቁጥር ባቄላው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው መቁጠር ያስፈልጋል የምለው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እየተጠማዘዙ ያቋርጡ። 5 ቦታ ላይ ይቁሙ፤ በየቦታው 10 ተክል ይመልከቱ። ተክሉን በዓይንዎ አይምረጡ። ዓይን የሚሳበው ክሽክሽ ወደበዛበት ነው። «በየቦታው ቀኝ እግሬ ካረፈበት ጀምሮ ያሉት 10» ብለው ወስነው እነሱን ይያዙ። ዳር ዳሩን ብቻ አይቁጠሩ፤ ክንፍ ያለው ክሽክሽ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው መጀመሪያ ዳር ላይ ነውና የመሃሉን አያሳይዎትም።

ተክሉን ሲይዙ ለጋውን ጫፍ ቀና አድርገው ከሥሩ ይዩ። ትልልቆቹ ጥቁሮች እናቶች ናቸው፤ በዙሪያቸው የሚርመሰመሱት ጥቃቅኖች ልጆቻቸው። በመካከላቸው ያበጠ፣ የማይንቀሳቀስ፣ የደረቀ ቀፎ የመሰለ ካገኙ ይደሰቱ። በጣም ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ጥላበት የሞተ ክሽክሽ ነው። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ አዲሷ ተርብ ወጥታለች። ረዘም ያለ፣ ግራጫ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ስድስት እግር ያለው ትል መሳይም ያገኙ ይሆናል። እባክዎ አይጨፍልቁት! የቀይዋ ጥንዚዛ እጭ ነው። እናቱን ስለማይመስል ብዙ ገበሬ እንደ ተባይ ይገድለዋል። አንዱ እጭ ግን አድጎ እስኪጨርስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካዩም ልብ ይበሉ። ጉንዳን የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ በላተኞቹን ያባርርለታል።

አማካይ ቁጥር ብቻውን እንዳያታልልዎ። ከ50 ተክል 5ቱ ላይ 400፣ 400 ክሽክሽ ቢኖርና 45ቱ ንጹሕ ቢሆኑ አማካዩ 40 ነው። በ50ዎቹም ላይ 40፣ 40 ቢኖር አማካዩ ያው 40 ነው። የመጀመሪያውን ጫፍ ጫፉን በመቅጠፍ ወይም እነዚያን ቦታዎች ብቻ በመርጨት ይገላገሉታል። ሁለተኛው መላው ማሳ የተያዘበት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ከ50ው ስንቱ ተይዟል፣ በተያዘው ላይ ስንት አለ። የበላተኞቹን ቁጥር ጎኑ ላይ ያስፍሩ። ከ4 ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ደግመው ይቁጠሩ። እኔ ከብዛቱ ይልቅ የማየው አካሄዱን ነው። 40 የነበረው 44 ከሆነና እጮች ካሉ ይተዉት። 40ው 100 ከሆነና የሚበላ ካልታየ መጠበቅ አያዋጣም።

ለምሳሌ በአሜሪካ ለአኩሪ አተር ክሽክሽ የሚሠራበት ልክ በአንድ ተክል 250 ነው። ያም ቢሆን ከ100 ተክል ከ80 በላይ ተይዞ፣ ቁጥሩም እየጨመረ ከሆነ ነው። ይህን ቁጥር ለባቄላ አይውሰዱት፤ ልኩ በየሰብሉና በየተባዩ ይለያያል። ሐሳቡን ግን ይያዙት፤ ብዛት፣ ስርጭትና አካሄድ አብረው ይታያሉ።

አጠጋግቶ መዝራትዎን በተመለከተ፣ ለክሽክሹ ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። ክንፍ ያለው ክሽክሽ እንዲያውም ባዶ አፈር የሚታይበት ሳሳ ያለ ማሳ ላይ ማረፍ ይቀናዋል። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው። ለባቄላ ከባዱ ተሻሚ ሌላ ባቄላ ነው፤ ሁለቱም ያንኑ ብርሃን፣ ያንኑ ውኃ፣ በዚያው ጥልቀትና በዚያው ጊዜ ይፈልጋሉ። ሲጠጋጉ እያንዳንዱ ይቀጥናል፣ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ይጋደማል። የአንድ ካሬ ሜትር ምርትም ከተወሰነ ብዛት በኋላ መጨመሩን ያቆማል። በሌላ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ሰብል አረምን ያፍናል፤ ስለዚህ በጣም ማሳሳትም አይበጅም። ከእንጨት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ክፈፍ ይሥሩ። 10 ቦታ ላይ ያስቀምጡት፤ በውስጡ ያለውን ባቄላ ይቁጠሩ፤ አማካዩን በ4 ያባዙ። የካሬ ሜትሩን ያገኛሉ። 12 ካገኙ 48 ነው ማለት ነው። ያንን ለዘሩ ዓይነት ከተመከረው ጋር ያስተያዩትና ለሚቀጥለው ዘር ይወስኑ።

አሁን ደግሜ ልርጭ ላሉት፦ ዛሬ አይርጩ። ዛሬ ይቁጠሩ፣ ከ4 ቀን በኋላም ይቁጠሩ። መርጨት ግድ ከሆነ ያንኑ ኬሚካል አይድገሙ። ከተረፉት መካከል እሱን የቻሉት ሊኖሩ ይችላሉና ልጆቻቸውም ይችሉታል። ክሽክሹን ለይቶ የሚገድል፣ ለጥንዚዛና ለንብ የሚራራ ካለ እሱን ይምረጡ። ባቄላው አበባ ላይ ከሆነ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይርጩ፤ ንብ ካልጎበኘው ፍሬ መያዙ ይቀንሳል። መጠኑንና ከርጭት እስከ አጨዳ ያለውን ቀን ከመለያ ጽሑፉ ያንብቡ። ከማሳው አንድ ጥግ ሳይረጩ ይተዉ፤ በላተኞቹ የሚመለሱት ከዚያ ነው። ያንንም ጥግ ለብቻው ይቁጠሩትና ሁለቱንም ቁጥር ይላኩልኝ፤ አይተን አብረን እንወስናለን።