«መልእክት» ወይስ «መልዕክት»?

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሮች በመጀመሪያ አጫጭር መልእክት ይለዋወጡባቸው ስለነበሩ ፕሮቶኮሎች (የመግባቢያ ሕጎች) ለተማሪዎቼ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። «ሴንድ» የሚባለውን ትእዛዝ «ላክ» ብዬ ተረጎምኩት። ታዲያ «ላክ» ውስጥ የሌለው ዐይን (ፊደል «ዐ») «መልዕክት» ውስጥ ከየት መጣ?

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ ለዓመታት ሲያብከነክነኝ የኖረውን ነገር ነኩት። ዐይኑ ቦታው አይደለም። ሥሩ የግእዙ «ለአከ» ነው፣ በአልፍ (በ«አ»)። ላእክ፣ ልኡክ፣ ተልእኮ፣ መልእክት ከዚያው ወጡ። መልአክም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ ዕብራይስጡም በአሌፍ ይጽፈዋል። ግሪኩ እንኳ፣ ሥሩ ሌላ ቢሆንም፣ «አንጌሎስ» ሲል መልእክተኛ ማለቱ ነው። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲጥለው «ላከ» ቀረ።

እንደ እኔ ግምት ጥፋቱ የመጣው ከትዕግሥትና ከትዕቢት ነው። እነሱ ሥራቸው ዐይን ስለሆነ ያምርባቸዋል፤ በእነሱ አምሳያ ግን «ትእዛዝ» ሳይቀር «ትዕዛዝ» ሆነ። «አዘዘ» ውስጥ ምን ዐይን አለ?

«ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉ ምን ያከራክራል?» የሚሉ አሉ። እርስዎ የጠቀሱት «ሴንድ» የሚገኝበትን፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ፖስቴል በፈረንጆቹ 1982 ያወጣውን የኢሜይል መላኪያ ፕሮቶኮል፣ ኤስኤምቲፒን ይመልከቱ። «ሴንድ» አጭር ጽሑፍን በቀጥታ ተቀባዩ ተርሚናል (የኮምፒውተር ማያ ገጽ) ላይ የሚያደርስ ነበር። ያኔ ትእዛዞቹ ሁሉ ባለ አራት ፊደል ስለነበሩ የሰላምታው «ሄሎ» እንኳ ከሁለቱ «ኤል» አንዱን አጥቷል። የጎደለውን ፊደል መልሶ ለሚጽፍ ሰው የማሽኑ መልስ 500 ነው፤ ትእዛዙን አላውቀውም ማለት ነው። ድምፁ ግን ያው ነበር!

ያ ፕሮቶኮል የሚያስተላልፈው 128 ምልክት ብቻ ስለነበር ለእኛ ፊደል ቦታ አልነበረውም። በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት፣ ፊደላችንን ሲያስገባ ግን ለ«እ» እና ለ«ዕ» የየራሳቸውን ቁጥር ሰጣቸው። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ «መልእክት»ና «መልዕክት» ሁለት ቃል ናቸው።

«ፕሮቶኮል»ን እንዳለ ይተዉት። እኔ «የልውውጥ ደንብ» ብል እመርጥ ነበር፤ ቃሉ ግን ሥር ሰዷል። «መልዕክት»ም ቢሆን፣ ሳልወድ እቀበላለሁ፣ በየጋዜጣውና በየስልኩ ተሠራጭቷል፤ እንዲያ የጻፈ ተማሪ ነጥብ አይቆረጥበት። እርስዎ ግን በማስታወሻዎ በአልፍ ይጻፉ፤ በመፈለጊያ ቃላቱ ዝርዝር ብቻ ሁለቱንም ያስገቡ።