ከቅንጣት ፊዚክስ ወደ ፍሪጅ ደንብ፦ ስለ አርተር ሮዘንፌልድ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የታዋቂው ፊዚክስ ሊቅ የኤንሪኮ ፌርሚ ተማሪ የነበረ ሰው ኃይል ቁጠባ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሮዘንፌልድ ዶክትሬቱን እ.ኤ.አ. በ1954 ቺካጎ ካገኘ በኋላ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ በፊዚክስ ሊቁ በሉዊስ አልቫሬዝ ቡድን ውስጥ ከአቶም በታች ካሉ ቅንጣቶች ፎቶግራፎች የሚወጣውን መረጃ በኮምፒውተር ሲያስተነትን ኖረ። በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያግዱ ፊቱን ወደ ሕንፃና ወደ ቤት ዕቃ አዞረ። ይዞት የሄደው የቅንጣት እውቀቱን አይደለም፤ የሰውን ስሌት ከመነሻው የመፈተሽ ልማዱን ነው።

ጥያቄ፦ እስኪ ምሳሌ?

የመስኮቱ ነገር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የካሊፎርኒያ የሕንፃ ደንብ ረቂቅ የመኖሪያ ቤት መስኮት ከግድግዳው 15 በመቶ እንዳይበልጥ ይል ነበር፤ ወደ ደቡብ ዞረ ወደ ሰሜን ለውጥ የለውም። ጥፋቱ የስሌቱ ነው፦ የቤቱ ሙቀት ቀንም ሌሊትም አንድ ቁጥር ላይ እንደተቸነከረ ይቆጥራል። እንዲህ ሲሆን ቀን በመስኮት የገባው ፀሐይ በማቀዝቀዣ ይባረራል፣ ማታ ማሞቂያ ይነሳል፤ መስኮት ሁሉ ኪሳራ ይመስላል። እውነተኛ ቤት ውስጥ ግን የብርዱን ወራት ፀሐይ ወለልና ግድግዳ ይይዙታል፣ ማታ ይመልሱታል። ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ዝቅ ይበል ከተባለ ማሞቂያው ያርፋል። ከሮዘንፌልድ ቡድን ሥራ የወጣው ዲኦኢ-2 የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሕንፃን ኃይል ፍጆታ ዓመቱን ሙሉ፣ 8,760ውን ሰዓት አንድ በአንድ፣ የሚያሰላው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በስሙ የተጠራው የቁጠባ መለኪያ፣ አንድ «ሮዘንፌልድ»፣ ስንት ነው?

በዓመት 3 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ቁጠባ። መለኪያው በስሙ የተሰየመው በ2010 ነው። መነሻው አንድ ማመንጫ በዓመት የሚሰጠው ኃይል ነው፦ 500 ሜጋዋት የድንጋይ ከሰል ማመንጫ፣ በአማካይ በ70 በመቶ አቅሙ ቢሠራ፣ በዓመት 3.07 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ 7 በመቶው መስመር ላይ ሲባክን 2.85 ይቀራል፤ አጠጋግተው 3 አሉት። ሜጋዋት ብቻውን የኃይሉን መጠን አይነግርምና «ይህን ያህል ሜጋዋት ቆጠብን» የሚል ሪፖርት ስታዩ «ለስንት ሰዓት?» በሉ።

ጥያቄ፦ በፍሪጅ ሲመነዘርስ?

በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፍሪጅ በዓመት 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላ ነበር፤ ከ2001ዱ የፍሪጅ ፍጆታ ደንብ በኋላ 500 ገደማ። ልዩነቱ 1,300 ነው፤ ስለዚህ 2.3 ሚሊዮን ፍሪጅ አንድ ሮዘንፌልድ ይሞላል። ሂሳቡ የሚፈርሰው አሮጌው ፍሪጅ ሳይጣል ጋራዥ ገብቶ ቢራ ማቀዝቀዝ ሲቀጥል ነው፦ ያኔ 1,300 መቀነሱ ቀርቶ 500 ይጨመራል። ደንቡ የሚነካው አዲስ ዕቃ ብቻ ስለሆነ አሮጌውን ገዝቶ የሚሰባብር አሠራር አብሮት ካልሄደ ግማሽ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የካሊፎርኒያ የነፍስ ወከፍ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሳይጨምር የቆየው በእሱ ነው?

በከፊል። ለስላሳው አየር፣ የመብራቱ ውድነትና የከባድ ኢንዱስትሪ ማነስም አሉበት።

ጥያቄ፦ ሥልጣን ነበረው ወይስ መካሪ ብቻ?

ሁለቱም። ከ1994 እስከ 1999 በፌዴራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት አማካሪ፣ ከ2000 እስከ 2010 ድምፅ የሚሰጥ የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን አባል ነበር። ከኮሚሽኑ አምስት ወንበሮች አንዱ በሕግ የምሕንድስና ወይም የፊዚካል ሳይንስ ሰው የሚቀመጥበት ነው።